የአዳራሹ የአስቤስቶስ ዘገባ ያየው እና ያላየው

ጥያቄ፦ «በለንደን የሚገኘው ማኅበራችን በ1960ዎቹ የተሠራ አዳራሽ በ20 ዓመት ውል ተከራይቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች አማርኛ ይማሩበታል፤ ሠርግ፣ ተዝካርና የበዓል ዝግጅትም ይደረግበታል። አከራዩ በ2007 የተሠራ የአስቤስቶስ ዘገባ ሰጥቶናል፤ ሽፋኑ ላይ ‹ታይፕ 1› የሚል ተጽፏል። ዘገባው በዘጠኝ ቦታዎች አስቤስቶስ ‹እንዳለ ይገመታል› ይላል፤ የቦይለሩን ክፍል ‹መግባት አልተቻለም› ብሎ አልፎታል፤ ማዕድ ቤቱ ላይ ግን ምንም አላገኘም። ለእንቁጣጣሽ እንዲደርስ በሐምሌ አንድ ቅዳሜ አባላት ተሰብስበው በደቦ የማዕድ ቤቱን ግድግዳ ሊያፈርሱ ተነጋግረናል። አሁን ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ ዘጠኝ ቦታ ላይ መኖሩ በላቦራቶሪ ስለተረጋገጠ ሕንፃው ይዘጋ ይላል። ሌላው፣ አገር ቤት እንዲህ ባለ ጣሪያ ሥር ኖረን ምን ሆንን ይላል። አንድ ድርጅት ደግሞ አየሩን ለክቶ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ሊሰጠን ይችላል። አምና አንድ አባላችን ይገመታል ከተባለው ሰሌዳ በአንዱ ላይ መደርደሪያ ሰቅሏል። ምን እናድርግ? ለአባላትስ ምን እንበል?»

ምላሽ፦ ላቦራቶሪ ያረጋገጠው አንድም ነገር የለም። የኮሚቴያችሁ ጭቅጭቅ የተነሣው ዘገባው ያላለውን እንዳለ አድርጎ ከማንበብ ስለሆነ ከዚህ እጀምራለሁ። በብሪታንያ በ2001 የወጣው መመሪያ የአስቤስቶስን (እሳትና ሙቀት እንዲከላከል በሕንፃ ቁሶች ውስጥ ይገባ የነበረውን ቃጫማ ማዕድን) ፍተሻ በሦስት ይከፍል ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ታይፕ 1 የሚባለው ባለሙያው ሕንፃውን ዞሮ የሚጠረጥረውን በዓይኑ አይቶ የሚመዘግብበት ነው፤ ናሙና አይወሰድበትም። ታይፕ 2 ናሙና እየተወሰደ ወደ ላቦራቶሪ የሚላክበት፣ ታይፕ 3 ደግሞ ከእድሳትና ከማፍረስ በፊት ግድግዳና ወለል ተከፍቶ የሚታይበት ነበር። በ2010 ይህ አከፋፈል ቀርቶ «የአስተዳደር ፍተሻ» (ሕንፃው በተለመደ አገልግሎት ላይ እያለ ያለውን ለማወቅና ለመከታተል የሚደረግ) እና «የእድሳትና የማፍረስ ፍተሻ» በሚሉ ሁለት ተተካ። እንግዲህ በእጃችሁ ያለው የተጠርጣሪዎች ዝርዝር እንጂ የፍርድ ውሳኔ አይደለም። ዘጠኙም አስቤስቶስ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስቱ ብቻም ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ይከፋል። ማዕድ ቤቱ ላይ ምንም አላገኘም የሚለውን «ማዕድ ቤቱ ንጹሕ ነው» ብላችሁ አንብባችሁታል። የታይፕ 1 ፈታሽ የግድግዳ ሸክላ አይነቅልም፣ ቁም ሣጥን ከቦታው አያንቀሳቅስም፣ ከወለል ንጣፍ ሥር አያይም። በ2007 በማዕድ ቤቱ በር ገብቶ ያየው የተቀባ ግድግዳና የተዘጉ ቁም ሣጥኖችን ነው። እናንተ የምታፈርሱት ግን እሱ ያላየውን ነው። በዘገባው ውስጥ ከዘጠኙ ቦታዎች ይልቅ የሚያሳስበኝ ምንም ያልተጻፈበት ይህ ክፍል ነው።

ለመሆኑ ሳይመረመር «ይገመታል» የሚባለው ለምንድን ነው? በዓይን መለየት ስለማይቻል ነው። በብሪታንያ ሰማያዊውና ቡናማው አስቤስቶስ በ1985፣ ነጩ ደግሞ በ1999 መጨረሻ ላይ ታገደ። ስለዚህ ከ2000 በፊት የተሠራ ማንኛውም ሕንፃ ይጠረጠራል፤ የ1960ዎቹ ሕንፃ ደግሞ አስቤስቶስ በገፍ ይሠራበት በነበረበት ዘመን የቆመ ነው። ሙቀትና እሳት እንዲከላከል የተሠራ የአስቤስቶስ ሰሌዳና በኋላ የመጣው ከአስቤስቶስ ነጻ የሆነው ሰሌዳ ቀለም ከተቀቡ በኋላ አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ ሠላሳ ዓመት የሠራ ባለሙያም በእርግጠኝነት አይለያቸውም። ስለዚህ ደንቡ የማስረጃውን ሸክም ገልብጦታል፤ የለበትም የሚል ጠንካራ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ አለበት ተብሎ ይያዛል። ፈታሹ ያልገባበት ክፍልም እንዲሁ።

ወደ «ይዘጋ» ባዮቹ ልምጣ። ሕጉ አስቤስቶስ ያለበት ሕንፃ ይዘጋ አይልም፤ ሁሉም ይነቀል እንኳን አይልም። በግድግዳ ላይ በደኅና ሁኔታ የተቀመጠ፣ ማንም የማይነካው ቁስ አስቤስቶስ ቢኖርበትም አየሩ ውስጥ የሚለቀው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጉዳቱ የሚመጣው ሲሰረሰር፣ ሲጋዝ፣ ሲሰበርና ሲፈገፈግ ነው፤ ያኔ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ቃጫዎች ይበናሉ፣ ለሰዓታትም አየር ላይ ይቆያሉ፣ ወደ ሳንባ ጥግ ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ውሳኔ ቁሱን ባለበት ትቶ መዝግቦ መከታተል ነው። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለን ነገር በድንጋጤ ማስነቀል ያልነበረ ብናኝ መፍጠር ነው።

«ምን ሆንን» ባዮቹም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ አደገኛ የሚያደርጋቸውም ይህ ግማሹ ነው። የጣሪያ ክዳን የሚሠራበት የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ውስጥ ያለው አስቤስቶስ ከ10 እስከ 15 በመቶ አካባቢ ሲሆን ቃጫው በሲሚንቶ ተጣብቆ የተያዘ ነው። የውስጥ ሰሌዳዎቹ ግን እስከ 40 በመቶ የሚደርስ፣ በአብዛኛው ቡናማ አስቤስቶስ ሊይዙ ይችላሉ፤ በጣት ጥፍር የሚፋቅ ልል ቁስም ናቸው። በቧንቧና በቦይለር ዙሪያ የሚጠቀለለው ልባስ ከዚያም የባሰ ይፈረፈራል። ስለዚህ በጣሪያ ሥር መኖርን ሰሌዳ በመዶሻ ከማፍረስ ጋር ማወዳደር አይቻልም። ደግሞም በሽታው አይቸኩልም፤ ከመተንፈስ እስከ መታመም ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 60 ዓመት ይፈጃል። «እስካሁን ምንም አልሆንኩም» የሚል የ50 ዓመት ሰው ስለዚህ ጉዳይ ገና ምንም አልተናገረም። በብሪታንያ አሁንም በየዓመቱ ወደ 5,000 የሚጠጋ ሰው ከአስቤስቶስ ጋር በተያያዘ በሽታ ይሞታል፤ አብዛኞቹ እንደ አናጢ፣ ኤሌክትሪሲያንና የቧንቧ ሠራተኛ ከአሥርተ ዓመታት በፊት በሥራቸው ላይ የተነፈሱ ናቸው። አስቤስቶስ የተነፈሰ ሰው የሚያጨስም ከሆነ የሳንባ ካንሰር ሥጋቱ ከሁለቱ ሥጋቶች ድምር በላይ ይሆናል።

ልጆች ስላሉባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። የብሪታንያን መንግሥት የሚያማክር የሳይንስ ኮሚቴ በ2013 ባወጣው ግምት፣ በአምስት ዓመቱ ለአስቤስቶስ የተጋለጠ ሕፃን ሜሶቴሊዮማ በተባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር የመያዝ የዕድሜ ልክ ዕድሉ፣ በ25 ዓመቱ በተመሳሳይ መጠን ከተጋለጠ ሰው ወደ 3.5 እጥፍ ይደርሳል። ሕፃኑ ከፊቱ ብዙ ዓመት ስላለ ነው፤ በሽታው የሚፈልገውን ጊዜ ያገኛል። ይህን የምጽፈው የአማርኛው ትምህርት እንዲቋረጥ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ግድግዳ ፈርሶ በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆች በዚያው አዳራሽ ወለል ላይ እንዳይቀመጡ ነው።

አሁን ዘገባው መጨረሻ ላይ ያሉትን ቁጥሮች እንያቸው፤ ብዙ ሰው በቀይና በብጫ ቀለማቸው ይደነግጣል እንጂ አያነባቸውም። እያንዳንዱ ቁስ በአራት ጥያቄ ይመዘናል፦ ምን ዓይነት ቁስ ነው፣ ምን ያህል ተጎድቷል፣ ገጽታው ተሸፍኗል ወይስ ክፍት ነው፣ የትኛው የአስቤስቶስ ዓይነት ነው። ድምሩ ከ2 እስከ 12 ይሆናል። 10 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ፣ ከ7 እስከ 9 መካከለኛ፣ 5 እና 6 ዝቅተኛ፣ 4 እና ከዚያ በታች በጣም ዝቅተኛ ይባላል። መደርደሪያ የተሰቀለበትን ሰሌዳ ብንወስድ፣ ሰሌዳ ስለሆነ 2፣ ጠርዙ ጥቂት ስለተሸረፈ 1፣ ቀለም ስለተቀባ 1፣ ዓይነቱ ደግሞ ስላልተመረመረ እጅግ አደገኛ የሚባለው ሰማያዊው ነው ተብሎ 3፤ ድምሩ 7፣ መካከለኛ። ነገ ናሙናው ተመርምሮ ቡናማ ነው ቢባል 6 ሆኖ ወደ ዝቅተኛ ይወርዳል። አስቤስቶስ የለበትም ቢባል ከዝርዝሩ ይወጣል። የአዳራሹ የፕላስቲክ የወለል ንጣፍ ደግሞ ባልተሰነጠቀበት ሁኔታ ይገመታል በሚል 4 አግኝቶ፣ ነጭ አስቤስቶስ ነው ተብሎ ቢረጋገጥ እንኳን 2 ብቻ ይሆናል። ከቁጥሮቹ ውስጥ የተወሰነው የአለማወቅ ቅጣት ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ግን በተቃራኒው ይሄዳል፤ ሰሌዳው 7 የተባለው በ2007 ነው፣ የመደርደሪያው ቀዳዳዎች ግን የአምና ናቸው። የጉዳቱ ነጥብ ዛሬ ከፍ ሊል ይችላል።

ከሁሉ በላይ ቁጥሩ ያልመለሰውን ጥያቄ አትርሱ። የሚነግራችሁ ቁሱ ቢነካ ምን ያህል ቃጫ ሊለቅ እንደሚችል ነው፤ ማን ይነካዋል፣ መቼ፣ በአጠገቡ ስንት ሰው ይኖራል የሚለውን አይነግራችሁም። ያንን መመዘን የሕንፃው ኃላፊ ሥራ ነው፤ ፈታሹ በአንድ ቀን ጉብኝት ቅዳሜ ልጆች እንደሚሮጡበትና በሠርግ ቀን ድምፅ ማጉያ ግድግዳው ላይ እንደሚሰቀል ሊያውቅ አይችልም። 11 ያገኘ ልባስ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል። 5 ያገኘ ሰሌዳ ነገ በመዶሻ ከተመታ የዚያን ቀን አንደኛው አደጋ እሱ ነው።

ይህ ወደ ማዕድ ቤቱ ይመልሰናል። ግድግዳ ከመፍረሱ በፊት የሚያስፈልገው የእድሳት ፍተሻ ነው፤ አዲስ የአስተዳደር ፍተሻ እንኳን ቢሠራ አይተካውም። የእድሳት ፍተሻ ሥራው የሚነካውን ቦታ ብቻ ይመለከታል፣ ስለዚህ ሙሉ ሕንፃውን ማሠራት የለባችሁም፤ ነገር ግን በዚያ ቦታ ላይ ይሰብራል። ባለሙያው ግድግዳውን ይበሳል፣ የቧንቧ መሸፈኛውን ይከፍታል፣ ሸክላ ይነቅላል፣ ወለሉን እስከ ሲሚንቶው ድረስ ያያል። ለዚህም ክፍሉ ከሰው ነጻ መሆን አለበት፤ ሥራው ካለቀ በኋላም ለአገልግሎት ደኅና መሆኑ ሳይረጋገጥ ማንም አይገባበትም። በዚያ ዘመን በተሠራ ማዕድ ቤት እኔ የምፈልጋቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው፦ የማካፈያው ግድግዳ ራሱ፣ ቧንቧዎቹን የሸፈነው ሣጥን፣ ከምድጃ ጀርባ እሳት እንዲከላከል የተለጠፈ ሰሌዳ፣ በብረት መታጠቢያው ሆድ ላይ ድምፅ እንዲቀንስ የተቀባው ጥቁር ወፍራም ሽፋን፣ የድሮ ጭስ ማውጫ፣ የወለል ንጣፉና ሥሩ ያለው ጥቁር ማጣበቂያ፣ ከዘመናዊው ኮርኒስ በላይ የተደበቀው አሮጌው ኮርኒስ። ይህን የመጨረሻውን ቦታ ሰው ሁሉ ይረሳዋል።

ናሙና አወሳሰዱን ልግለጽ፣ ምክንያቱም «እኛው ቆርሰን በፖስታ እንላከው» የሚል ሰው ከኮሚቴው መካከል እንደሚነሣ አውቃለሁ። ባለሙያው በሩን ይዘጋል፣ ከሥሩ ላስቲክ ያነጥፋል፣ አንድ ጊዜ ለብሶ የሚጥለውን ቱታና በፊቱ ልክ የተፈተነ ጭምብል ያደርጋል። ሰሌዳው ቀድሞ የተሸረፈበትን ወይም የማይታይ ጠርዙን ይመርጣል፣ ትንሽ ሳሙና ያለበት ውኃ ይረጭበታል፣ በእርጥበቱ ላይ በመሮ እስከ ውስጠኛው ድረስ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ ያነሣል። ቁራጩ በሁለት ከረጢት ይታሸጋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቦታው ፎቶ ይነሣል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ መሮው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁም እንደ አስቤስቶስ ቆሻሻ ይጣላል። ከአንድ ሰሌዳ የተወሰደ ናሙና ስለ ጎረቤቱ ሰሌዳ አይመሰክርም፤ በየዘመኑ የተጠገነ ግድግዳ ላይ አንዱ የ1964፣ አጠገቡ ያለው የ1990 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በየክፍሉ፣ ሰፊ ከሆነም በየ25 ካሬ ሜትሩ አንድ ናሙና ይወሰዳል። በላቦራቶሪ ተንታኙ ቃጫዎቹን በማጉያ ሥር ነጥሎ በልዩ ፈሳሽ ውስጥ ካስቀመጣቸው በኋላ በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ በሚያሳዩት ቀለምና ጠባይ ይለያቸዋል። ላቦራቶሪው ለዚህ ትንተና ዕውቅና ያለው መሆኑ በሕግ ግዴታ ነው። የፍተሻ ድርጅቱ ዕውቅና በሕግ ባይገደድም እኔ የሌለውን አልቀጥርም። ግድግዳውን ከሚያፈርሰው ተቋራጭ ጋር በጥቅም የተሳሰረ ፈታሽም አልቀጥርም፤ ብዙ ባገኘ ቁጥር ብዙ የሚያተርፍ ዓይን ያው የሚያተርፍበትን ያያል።

የቦይለሩ ክፍል በዘገባው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ በሕንፃው ውስጥ ግን ከሁሉ የከፋው ነገር የሚገኝበት ዕድል ያለው እዚያ ነው። የ1960ዎቹ የማሞቂያ ቧንቧ ልባስ ከተገኘ እጅ እንዳይነካው ነው የምለው፤ እሱን መንካት የሚችለው ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው። ቁልፉን ከአከራዩ ጠይቁ፣ እስከዚያው ክፍሉ ተቆልፎ ይቆይ፣ ወንበርና የበዓል ዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ከሆነም ዛሬውኑ ይቁም። ቦይለሩን በየዓመቱ የሚያድሰው ቴክኒሻን ይህን ያውቃል? ካላወቀ ነገ ንገሩት።

የአየር ልኬቱን ወረቀት አትግዙ። የአየር ልኬት በተለካበት ሰዓት፣ በተለካበት ቦታ አየሩ ውስጥ ስንት ቃጫ እንደነበረ ይናገራል እንጂ ግድግዳው ውስጥ ምን እንዳለ አይናገርም። ማንም ባልነካው አዳራሽ ውስጥ ልባስ ሞልቶ አየሩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ልባሱን በነካችሁት ዕለት ወረቀቱ ዋጋ የለውም። ልኬት የራሱ ቦታ አለው፦ ፈቃድ ያለው ድርጅት አስቤስቶስ ካነሣ በኋላ ገለልተኛ ተንታኝ ክፍሉን በዓይን ፈትሾ፣ አየሩን ለክቶ ከ0.01 ቃጫ በአንድ ሚሊ ሊትር በታች መሆኑን ሲያረጋግጥ ነው መልሶ የመግቢያ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው። ያ ወረቀት ትርጉም አለው፤ ለእናንተ ሊሸጡላችሁ ያሰቡት ግን ሌላ ነው።

መደርደሪያ የሰቀለው አባል ይረጋጋ። ሰሌዳው አስቤስቶስ ሆኖ ቢገኝ እንኳን ጥቂት ቀዳዳ በመሰርሰር አንድ ጊዜ የተተነፈሰው መጠን ዕድሜ ልኩን በዚህ ሥራ ላይ ካሳለፈ ሰው ጋር አይወዳደርም፤ በሽታ የማምጣት ዕድሉ አነስተኛ ነው። ኤክስሬይ ልነሣ ቢል ከአንድ ዓመት በፊት የሆነ ነገር አይታይም። ማድረግ ያለበት ቀኑንና ሁኔታውን ጽፎ የቤተሰብ ሐኪሙ መዝገብ ላይ እንዲያስገባለት መጠየቅ ብቻ ነው። መደርደሪያው ግን አይነቀል። ብሎኖቹ ሲፈቱ ያው ብናኝ ይወጣል፤ የናሙናው ውጤት እስኪመጣ ባለበት ይቆይ፣ በላዩ ላይ ከባድ ነገር አይጫን። በሥሩ ወለሉ ላይ አቧራ ከታየ በመጥረጊያ ወይም በቤት ቫኪዩም አትንኩት፤ የቤት ቫኪዩም ቃጫውን በጀርባው መልሶ ይበትነዋል።

በዘጠኙ ዝርዝር ውስጥ የግቢው መጋዘን የጣሪያ ክዳንም ካለ (በአብዛኛው ይኖራል) አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ እሱም ከካንሰር ጋር የተያያዘ አይደለም። አሮጌ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ክዳን የሰው ክብደት አይችልም። በላዩ የበቀለ የድንጋይ ሽበት ሊያጸዳ ወይም ፍሳሽ ሊደፍን የወጣ ሰው ሰብሮት ወድቆ የሞተበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ማንም አይውጣበት፣ በከፍተኛ ግፊት ውኃም አይታጠብ።

ኃላፊው ማን ነው? በ2012ቱ የአስቤስቶስ ቁጥጥር ደንብ አንቀጽ 4 መሠረት መኖሪያ ባልሆነ ሕንፃ ውስጥ አስቤስቶስን የማስተዳደር ግዴታ የሚወድቀው በኪራይ ውል ወይም በሌላ ስምምነት የጥገናና የእድሳት ኃላፊነት በወሰደው ላይ ነው። የበጎ አድራጎት ማኅበር መሆን ነጻ አያወጣም። የ20 ዓመት ውል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሉ ጥገናን በተከራይ ላይ ይጥላል። ውሉን አውጡና የጥገናውን አንቀጽ አንብቡ፤ «ሙሉ ጥገና በተከራይ» የሚል ከሆነ ዘገባውን አከራዩ ስለሰጣችሁ ግዴታው የእሱ ሆኖ አልቀረም፣ ማደስ፣ መዝገብ መያዝ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የቁሶቹን ሁኔታ ማየት የእናንተ ነው። ከተከፋፈለ በየድርሻችሁ ነው። በሁለቱም መንገድ አከራዩ የመተባበር ግዴታ አለበት። «አባላቱ በነጻ ነው የሚሠሩት» የሚለው ክርክርም አያዋጣም፤ የበጎ ፈቃደኛ ሳንባ ከደመወዝተኛ ሳንባ አይለይም፣ የኮሚቴውም ተጠያቂነት አይቀርም።

ለአባላት መንገር አለባችሁ፣ ያውም አሁን። አስቤስቶስ ስለተጠረጠረ ብቻ ለመንግሥት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ አይጠበቅባችሁም። ቁሱን ሊነካ ለሚችል ሰው ሁሉ ግን፣ ለኤሌክትሪሲያኑም፣ ድምፅ ማጉያ ለሚሰቅለውም፣ ጌጥ በምስማር ለሚመታውም፣ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በሙያዬ ደጋግሜ ያየሁት ብልሽት የዘገባ እጥረት አይደለም፤ ዘገባው በጸሐፊው መሳቢያ ውስጥ ሆኖ ሰርሳሪው አዳራሽ ውስጥ መሆኑ ነው። አባላታችሁ ስልሳ ገጽ እንግሊዝኛ አያነቡም። አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፉ፣ የአዳራሹን ንድፍ አያይዙ፣ በመግቢያውና በማዕድ ቤቱ በር ላይ ለጥፉ። ቃሉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «በአዳራሹ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል ተብለው የተመዘገቡ ዘጠኝ ቦታዎች አሉ፤ በንድፉ ላይ በቀይ ተመልክተዋል። ገና በላቦራቶሪ አልተመረመሩም። የቦይለሩ ክፍልና የግድግዳዎቹ ውስጥ አልታዩም። እስካልተነኩ ድረስ አዳራሹን መጠቀም ይቻላል። ከኮሚቴው በጽሑፍ ሳይፈቀድ በየትኛውም ግድግዳ፣ ኮርኒስ ወይም ወለል ላይ መሰርሰር፣ ምስማር መምታትና መፈግፈግ ክልክል ነው። የተሰበረ ነገር ካያችሁ አትጥረጉ፤ ክፍሉን ዘግታችሁ ለአዳራሹ ኃላፊ ደውሉ።» «አደጋ የለም» ብላችሁ አትጻፉ፣ አታውቁትምና። «አዳራሹ ተመርዟል» የሚለውም እንዲሁ ውሸት ነው። ውጤቱ ሲመጣ ገጹን ቀይሩት፤ ያልተገኘበትንም በግልጽ ጻፉ፣ አለዚያ ወሬው ከመዝገቡ በላይ ዕድሜ ያገኛል።

የምመክረው የማያወላውል ነው። የሐምሌው ደቦ ይሰረዝ። ቁም ሣጥን ማንሣትና ሸክላ መንቀል «ትንሽ ነገር» ተብሎ አስቀድሞ እንዳይጀመር፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው በዚህ ነው። በዚህ ሳምንት ዕውቅና ላለው ገለልተኛ የፍተሻ ድርጅት ሁለት ሥራ በአንድ ጉብኝት እንዲሠራ እዘዙ፦ ለማዕድ ቤቱና ለሚፈርሰው ግድግዳ የእድሳት ፍተሻ፣ ለቀረው ሕንፃ የቦይለሩን ክፍል ጨምሮ ናሙና ያለው የአስተዳደር ፍተሻ። ስታዝዙ ልታፈርሱ ያሰባችሁትን በንድፍ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ስጡት፤ ፈታሽ የሚፈትሸው የተነገረውን ያህል ነው። ዘገባው ሲደርሳችሁ ከማጠቃለያው በፊት ያልታዩ ቦታዎች የተዘረዘሩበትን ገጽ አንብቡ፣ ፍተሻውን ከማዘዛችሁ በፊትም ያ ዝርዝር እንዲያጥር ተከራከሩ። ለማዕድ ቤቱ በሚሆነው ክፍል ውስጥ «መግባት አልተቻለም» የሚል አንድ መስመር እንኳን ካለ ሥራው አላለቀም፣ ክፍያውም አይጠናቀቅ።

የላቦራቶሪ ውጤት የቀናት ጉዳይ ነው። ግድግዳው ወይም የቧንቧው ሣጥን የአስቤስቶስ ሰሌዳ ሆኖ ከተገኘ ግን የሚያነሣው በአብዛኛው ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው፤ ድርጅቱ ሥራ ከመጀመሩ 14 ቀን በፊት ለተቆጣጣሪው ማስታወቅ አለበት፣ ከዚያ ማንሣቱ፣ ከዚያ የተንታኙ ፍተሻ ይከተላል። የወለል ንጣፉ ብቻ ከሆነ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሆኖም የሠለጠነ ሰው ይሠራዋል እንጂ በመፈግፈጊያ ማሽን አይነካም፣ ደኅና ከሆነም በላዩ ላይ ሌላ ማንጠፍ ይሻላል። ይህን ሁሉ ስትደምሩት እንቁጣጣሽን በአሮጌው ማዕድ ቤት ታሳልፋላችሁ። ዶሮው ከቤት ተሠርቶ ይምጣ። የአባላቱ ጉልበት የሚፈለገው የመግቢያው የምስክር ወረቀት ከተፈረመ በኋላ ለቀለሙ፣ ለቁም ሣጥኑና ለጽዳቱ ነው።

ወጪውን በተመለከተ ለአከራዩ ዛሬ በጽሑፍ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የቦይለሩን ክፍል ቁልፍ፣ ከ2007 በኋላ የተሠራ ማንኛውም ፍተሻ ወይም የማንሣት ሥራ ማስረጃ፣ እንዲሁም የአዲሱን ፍተሻ ወጪ በውሉ መሠረት ማን እንደሚሸፍን። መልሱ ዘገየ ብላችሁ ፍተሻውን አታዘግዩ፤ ሂሳቡን በኋላ መከራከር ይቻላል።